የበዓሉ ዶሮ ከማን ቤት መጣ?

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የከተሞቻችን ገበያዎች መልካቸው ይለወጣል። በአዲስ አበባ በሾላ፣ በሳሪስ፣ በአቃቂና በካራ የበግ መንጋ ከመንገድ ዳር ይቆማል። እግራቸው በገመድ የተጠፈረ ዶሮዎች እንደ ሽንኩርት እስር መሬት ላይ ተጋድመው ገዢን ይጠብቃሉ። እንቁላል በጭድ በተጎዘጎዘ ቅርጫት ይደረደራል፤ ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ ይወጣል። 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተለይቶ የቆየው ምእመን በትንሣኤው ሌሊት ቅዳሴው ሲፈጸም የሚቀርብበትን ማዕድ ለማሰናዳት እንደየአቅሙ ይሯሯጣል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው የደስታ ወግ ነውና በራሱ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ከገዢው አፍ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ነው?» የሚል። ገዢው ዶሮውን ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝናል፤ ደረቱን ይዳስሳል፤ ላባውን እፍ ብሎ ቆዳውን ይመለከታል፤ ቀይ ነው፣ ገብስማ ነው፣ ወሰራ ነው እያለ መልኩን ይመርጣል። «ከማን ቤት መጣ? ማን አሳደገው? ምን ሲበላ ኖረ? በምን ተጭኖ እዚህ ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ የበዓል ገጽ ልናነሣው የወደድነው ይህንኑ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ የአንድ አውራ ዶሮ ጉዞ ምን እንደሚመስል አብረን እንከተለው። በገጠር አንዲት እናት በጓሮዋ ያሳደገችውን ዶሮ በብብቷ ይዛ ለአካባቢዋ ገበያ ትወጣለች። እስከዚያ ድረስ ዶሮው የደረሰበት ክፉ ነገር የለም። ከሰብሳቢው እጅ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ግን ነገሩ ይለወጣል። እግሩ ከሌሎች ጋር በአንድ ገመድ ይታሰራል፤ ቁልቁል ተንጠልጥሎ በብስክሌት ወይም በሞተር ብስክሌት ይሄዳል፤ አለዚያም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በፀሐይና በአቧራ ይጫናል። በሰብሳቢውና በበላተኛው መካከል አንድ ሁለት ነጋዴ ይገባል፤ በእያንዳንዱም እጅ ዶሮው ውኃ ሳይቀምስ ሊያድር ይችላል። ዶሮ እንደ ሰው ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የለውም። ስለዚህ ቁልቁል ሲንጠለጠል የሆድ ዕቃው በመተንፈሻ አካላቱ ላይ ይጫናል፤ አየር የሚስበው በብርቱ ድካም ነው። ብዙዎቻችን «ዝም ብሏል፤ ለምዶታል» የምንለው ትንፋሽ ያጠረውን ፍጡር ነው። አንዳንዱም ከተማ ሳይገባ ይሞታል። የሞተውም ዋጋ ከነጋዴው ኪስ አይቀርም፤ በሕይወት በደረሱት ላይ ተጨምሮ በገዢው ይከፈላል።

የበጉም ዕድል ከዚህ እምብዛም አይሻልም። አራት እግሩ ተጠፍሮ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ይጫናል፤ በታክሲ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተከቶ ክዳኑ ይዘጋበታል፤ አልፎ አልፎም ሁለት እግሩ ተይዞ እንደ ጋሪ እየተገፋ አስፋልት ሲያቋርጥ ይታያል። ይህ ጸሐፊ በአንድ የትንሣኤ ዋዜማ ከአውቶቡስ ጣሪያ ሲወርድ እግሩ የተሰበረ በግ ተመልክቷል፤ በዙሪያው የቆሙት ሰዎች የተከራከሩት ስለ ዋጋው ቅናሽ እንጂ ስለ ስብራቱ አልነበረም። በሬውን በተመለከተ ደግሞ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ጨው አብልቶ ውኃ በብዛት ማጠጣት የታወቀ ብልሃት ነው። ሆዱ ተወጥሮ የሰባ ይመስላል፤ ገዢውም የውኃውን ክብደት በሥጋ ሒሳብ ይከፍላል።

የተንገላታ እንስሳ ሥጋ ያልተንገላታውን ያህል መልካም እንዳልሆነ አያቶቻችን በልምድ ያውቁት ነበር፤ የዛሬው የምግብ ሳይንስም ምክንያቱን ያስረዳል። በዕረፍት ላይ ያለ እንስሳ በጡንቻው ውስጥ የተከማቸ የስኳር ዓይነት ኃይል አለው። ከታረደ በኋላ ይህ ኃይል ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ ያም አሲድ ሥጋውን ያለሰልሰዋል፤ መልኩን ያሳምረዋል፤ ቶሎም እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። በረኃብ፣ በጥማት፣ በፍርሃትና በረጅም ጉዞ የደከመ በሬ ወይም በግ ግን ይህን ኃይል አስቀድሞ ጨርሶታል። ስለዚህ ሥጋው ጠቆር ብሎ የሚያጣብቅና ፈጥኖ የሚበላሽ ይሆናል። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት ሀገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥጋውን በብልት በብልቱ ለይተን ስም የምናወጣ ሰዎች ከእርድ በፊት ስላለፈው ሌሊት ምንም አለመጠየቃችን ያስደንቃል።

ነገሩ ግን የሥጋ ጣዕም ብቻ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ እንስሳ ተራ ዕቃ ሆኖ አይታይም። በኦሪት የሰንበት ዕረፍት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬና ለአህያም ታዝዟል። እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር፣ በጎጆ የተገኘች ወፍ ከነጫጩቶቿ በአንድነት እንዳትወሰድ ሕግ ተሠርቷል። እኛ በየዓመቱ በምንጾመው የነነዌ ጾም ታሪክ ውስጥ ከሰዎቹ ጋር እንስሳቱም እንዲጾሙ ታዝዞ እንደ ነበር፣ የትንቢተ ዮናስም የመጨረሻ ቃል የከተማዪቱን እንስሳት የሚያስታውስ መሆኑን ልብ የሚል አንባቢ ብዙ አይደለም። ጌታችንም ስለ ኢየሩሳሌም ሲያዝን ራሱን የመሰለው ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር በምትሰበስብ ዶሮ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕላትም አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች ተከብበው፣ ለተጠማች ወፍ የዓይናቸውን ውኃ ሲያጠጡ ይታያሉ። እንስሳ ለሰው ምግብ መሆኑ የተፈቀደ ነው፤ ከማረዳችንም በፊት በስመ ሥላሴ እንባርካለን። በሥላሴ ስም የተባረከው ፍጡር ከዚያች ደቂቃ በፊት ለሁለት ቀን ቁልቁል ተሰቅሎ የሰነበተ ከሆነ ግን ቡራኬያችን ዘግይቶ የደረሰ ይመስላል።

መፍትሔውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የዳልጋ ከብት ያላት፣ በከብት ሀብቷም በአፍሪካ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች ሀገር ናት። ከዚህ ሀብት እጅግ የሚበዛው በትልልቅ እርሻዎች ሳይሆን በገበሬና በአርብቶ አደር ቤተሰብ እጅ ይገኛል። በሐረርጌ ገበሬው አንድ ወይም ሁለት በሬ በቤቱ አስሮ ከማሽላና ከበቆሎ ማሳው የሳሳውን አገዳ እያጨደ፣ ቅጠሉን በእጁ እያጎረሰ ያሰባል፤ የሐረር ሰንጋ ስሙ የገነነው በዚህ ድካም ነው። በወላይታም ለመስቀል የሚቀርበውን በሬ በቤት ውስጥ እየቀለቡ ማድለብ የቆየ ሙያ ነው። በመንዝ ብርዳማ ደጋ በጉ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት ቤት ጥቂት አይደለም። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረው ምሳሌ፣ ማለትም ከድኻው ጉርሻ እየበላች ከዋንጫው እየጠጣች ያደገችው የአንዲቱ በግ ታሪክ፣ ለእኛ ሀገር ሰው ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ወሬ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የዶሮው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በገጠር ዶሮና እንቁላል የእናት ገንዘብ ነው። በሬውና እህሉ በአባወራው እጅ ሲሸጥ፣ ከዶሮው የሚገኘው ገንዘብ ለጨው፣ ለጋዝ፣ ለልጅ ደብተርና ለመድኃኒት የሚውለው በሴቲቱ እጅ ነው። በከተማ ለአንድ አውራ ዶሮ የምንከፍለው ገንዘብ ከፍ ባለ ቁጥር ከእርሷ ዘንድ የሚደርሰው አብሮ ከፍ ይላል ማለት ግን አይደለም። ሰብሳቢው፣ አጓጓዡና ቸርቻሪው ድርሻቸውን ካነሡ በኋላ ወራት ሙሉ ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ስትጠብቅ የከረመችው ሴት የምታገኘው ጥቂቱን ነው። ነጋዴው መንገዱን የሚደፍር፣ ኪሣራውንም የሚሸከም ሰው ነውና ሁሉን ጥፋት በእርሱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይሁንና ገዢና አሳዳጊ ሳይተዋወቁ ሲቀሩ እንስሳው በመካከላቸው የማንም ያልሆነ ዕቃ ሆኖ ይሰነብታል።

የገበሬው ጓሮ ገነት ነው ለማለት አንደፍርም። የሐበሻ ዶሮ በነጻነት ትጭራለች፤ ትል ትለቅማለች፤ በአመድ ትታጠባለች፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የረባ ቆጥ የላትም፤ ፈንግል በገባ ጊዜም የመንደሩ ዶሮ በአንድ ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ከጫጩቶቹም ብዙዎቹ ሳያድጉ ያልቃሉ። የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ በሚገኘው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይሠራል፤ ዋጋውም ከአንዲት ዶሮ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ዶሮዋን በማንኛውም ዋጋ ለማንኛውም ሰብሳቢ የምትሸጥ ሴት ለክትባትና ለቆጥ ገንዘብ የምታወጣበት ምክንያት አይታያትም። በየበዓሉ ተመልሶ የሚመጣ፣ ጤነኛውን ዶሮ ከታመመው ለይቶ ለጤነኛው ጨምሮ የሚከፍል ደንበኛ ሲኖራት ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የከተማው ገዢ የገጠሩን አረባብ ሊያሻሽል የሚችለው በምክር ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

እንቁላልን በተመለከተ አንድ እውነት መሸሸግ አይገባም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ያህል እንቁላል ብትጥል ነው፤ ከውጭ የመጣው የእንቁላል ጣይ ዝርያ ግን በመልካም አያያዝ ወደ 300 ይደርሳል። እያደገ የሚሄደውን የከተማ ሕዝብ በሐበሻ እንቁላል ብቻ መመገብ የማይቻል ነው። ስለዚህ «የፈረንጅ» የምንለውን እንቁላል መናቅ አይገባንም፤ የሚገባን ዶሮዋ እንዴት እንደ ኖረች መጠየቅ ነው። በአውሮፓ ለብዙ ዓመታት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በጠባብ የሽቦ ሣጥን ተዘግተው ይኖሩ ነበር፤ ለአንዲት ዶሮ የሚደርሳት ስፍራ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያነሰ ነበር። ክንፏን መዘርጋት፣ መጫር፣ ቆጥ ላይ መውጣት አይቻላትም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነቱን ሣጥን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1999 አውጥቶ ከ2012 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ አውሎታል። እነርሱ ከብዙ ዓመት በኋላ የጣሉትን እኛ እንደ ሥልጣኔ ምልክት ለማንሣት ብንቸኩል የሚያሳፍር ይሆናል። በቢሾፍቱና በአካባቢው ጥቂት መቶ ዶሮዎችን ጭድ ወይም ሰጋቱራ በተነጠፈበት ወለል ላይ ለቅቀው፣ ቆጥና መጣያ ሣጥን አዘጋጅተው የሚያረቡ ቤተሰቦች አሉ። እንዲህ ያለውን ቤት ፈልጎ ደንበኛ መሆን ለከተማ ነዋሪ የሚቻል ነገር ነው።

«ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ይህ የባለጸጋ ምክር ነው» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። ለበዓል አንድ ዶሮ መግዛት ያቃተው ብዙ ወገን አለ። ለእርሱ ስለ ዶሮው አነዋወር መስበክ ከጭካኔ አንድ እርምጃ ብቻ የራቀ ነው። እኛ የምንናገረው ግን ለሚገዛው፣ ብዙ ጊዜም ከሚያስፈልገው በላይ ለሚገዛው ነው። በግም፣ ዶሮም፣ ቅርጫም በአንድ በዓል የሚያስገባ ቤት ከሦስቱ አንዱን ቢተውና የቀሩትን በደኅና የኖሩ፣ በደኅናም የመጡ ቢያደርጋቸው ማዕዱ አይጎድልም። ደግሞም በቀጥታ ከአሳዳጊው ሲገዛ በመካከል የሚቀረው ትርፍና የሚሞተው ዶሮ ዋጋ ስለሚቀነስ፣ ለባለቤቲቱ ጨምሮ ከፍሎም ከገበያው ዋጋ እምብዛም ላይርቅ ይችላል።

አሠራሩም አዲስ አይደለም። ቅርጫ ከጥንት ጀምሮ ያለን ማኅበር ነው፤ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ መደቡን እኩል አካፍለው በዕጣ ያነሣሉ። ያው የቅርጫ ማኅበር በበዓሉ ዋዜማ ገበያ ወርዶ ከነጋዴ ጋር ከመሟገት ይልቅ ሁለት ሰዎች መርጦ ከአንድ ወር በፊት ወደሚታወቅ ገበሬ ቢልክ፣ ቀብድ ሰጥቶ በሬው በቤቱ እንዲቆይ ቢስማማ፣ ማን ይከለክለዋል? የጽዋ ማኅበርተኞችና የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦችም ይህንኑ በዶሮና በእንቁላል ሊያደርጉት ይችላሉ። በከተማ ከምንኖረው ብዙዎቻችን በገጠር ወንድም፣ አክስት ወይም የክርስትና ልጅ አለን። በየበዓሉ «ላኩልኝ» የምንለውን ሰው በትክክለኛ ዋጋ የምንገዛው ደንበኛ ብናደርገው ዝምድናውም ይጠነክራል። በነጻ የሚላክ በግ ላኪውን ምን እንዳስከፈለው ጠይቆ የሚያውቅ የከተማ ዘመድ ጥቂት ነው፤ ይህ ግን ለብቻው ጽሑፍ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው።

በቅርጫ ነገር ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነጥብ የጤና ነው። በሬው ከታወቀ ቤት መግዛቱ ምርመራን አያስቀርም። የኮሶ ትል ወደ ሰው የሚተላለፈው ፍሬው በሥጋው ውስጥ ያለበትን በሬ በጥሬው በመብላት ነው፤ በሬውም የሚይዘው በሰው ዐይነ ምድር የተበከለ ሣር በመጋጥ ነው። ስለዚህ ገበሬውን «መጸዳጃ ቤት አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ሳይሆን ብልህነት ነው። እንስሳውን በእንስሳት ሐኪም ማስመርመርም ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ማጓጓዙም ቢሆን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ዶሮን በሰፊ ቅርጫት ወይም ቀዳዳ ባለው ካርቶን ማምጣት፣ እግሩን ከመጠፈር ይልቅ ክዳኑን ማሰር፣ እንደ ደረሰ ውኃ ማቅረብ፤ በጉን በአይሱዙ ወለል ላይ ጭድ አንጥፎ ማቆም፣ ወደ ቤትም ሲደርስ እስኪታረድ ድረስ ከጩኸትና ከውሾች ርቆ በጥላ እንዲያርፍ ማድረግ በማንም እጅ ያለ ነገር ነው። ልጆች በጉን እየጎተቱ ሲጫወቱ ዝም ብሎ የሚያይ አባት ሁሉ ይህን ለማስቆም አንድ ቃል ይበቃዋል። አንዱን እንስሳ በሌላው ፊት አለማረድ፣ ቢላዋውንም አስቀድሞ ደኅና አድርጎ መሳል የቆየ የእርድ ሥርዐት ነው።

ለመጨረሻ ስለ ጊዜው አንድ ነገር እንበል። ዶሮ ጾም አታውቅም፤ በዐቢይ ጾም ወራት እንቁላሏን መጣሏን አትተውም። ፈላጊው ስለሚያንስ የእንቁላል ዋጋ ይወድቃል፤ የገጠሯም እናት ልባም ከሆነች እንቁላሉን በርካሽ ከመሸጥ ይልቅ ዕቅፍ ላይ ላለችው ዶሮ ታስቀምጠዋለች፤ በ21 ቀን ጫጩት ይሆናል። የሐበሻ ዶሮ አዝጋሚ ነውና አውራው ለእርድ እስኪደርስ ከ5 እስከ 6 ወር ይፈጅበታል። በዚህ ጾም የተፈለፈለው ጫጩት ለዕንቁጣጣሽና ለመስቀል የሚደርሰው ነው፤ አሁን ገና ከእናቱ ክንፍ ሥር ነው። ለመጪው ዘመን መለወጫ ከታወቀ ቤት ዶሮ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ባለቤቲቱን ማነጋገር ያለበት በጳጉሜን ሳይሆን፣ በፋሲካ ሰሞን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ገጠር በሚወጣበት በዚህ ሳምንት ነው።